ስለ መንዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ መሬቱ፣ ታሪኩ፣ ኑሮውና ከተሞቹ

ስለ መንዝ የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ጓሳን (የመንዝን ጥብቅ የሣር ቦታ) ለማየት ያሰቡ፣ የአያቶቻቸውን አገር የሚፈልጉ፣ በግ ወይም ባና (ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም ልብስ) ለመግዛት የሚመጡ። ለሁሉም አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። የመንዝ ገብስ፣ በግ፣ ባናና የጓሳ ሣር ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም። አራቱንም ያገናኛቸው ብርዱ ነው። ጤፍ የማይበቅልበት አገር ገብስ ይዘራል፤ ገብስ ሲታጣ በግ ይሸጣል፤ የበጉ ጠጉር ሰውን ያለብሳል፤ የጓሳው ሣር ቤቱን ይከድናል።

መንዝ የአንድ ወረዳ ስም ነው?

አይደለም፤ የአገር ስም ነው። የጥንቱ መንዝ ሦስት ምድር ነው፦ በደቡብ ላሎ ምድር፣ በመካከል ማማ ምድር፣ በሰሜን ጌራ ምድር። አባቶች ሲያወሩ ማማ፣ ላሎና ጌራ አገሩን ያቀኑ ሰዎች ስም እንደሆነ ይናገራሉ። ወሰኑን የሚያበጁት ወንዞች ናቸው፤ በደቡብ ሞፈር፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ። በምሥራቅ በኩል የተራራ ሰንሰለት ይዘጋዋል፤ ከዚያ ሰንሰለት ጫፍ ሲቆሙ ይፋትና ቆላው ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል።

በንጉሡ ዘመን ከግሼ ጋር አንድ ላይ «መንዝና ግሼ አውራጃ» ይባል ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ በተለያዩ ወረዳዎች ተከፍሏል፦ መንዝ ማማ ምድር ዋና ከተማው ሞላሌ፣ መንዝ ላሎ ምድር ወገሬ፣ መንዝ ጌራ ምድር መሐል ሜዳ፣ መንዝ ቀያ ገብርኤል ዘመሮ። ግሼም ራቤልን ከተማው አድርጎ ራሱን የቻለ ወረዳ ነው። ይህን ማወቅ ለወሬ ብቻ አይደለም። የልደት ወይም የመሬት ማስረጃ ፈልጎ «መንዝ» ብሎ ብቻ የሚመጣ ሰው ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ዘመሮ ሲመላለስ ይከርማል። ወረዳውንና ቀበሌውን፣ ቀበሌው ካልታወቀ ደግሞ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞ መምጣት ያስፈልጋል።

«መንዜ» ማለት የሸዋ ሰው ሁሉ ነው?

በሩቅ ያለ ሰው እንደዚያ አድርጎ ይጠራል፤ ስህተት ነው። የተጉለት፣ የቡልጋ፣ የመርሐቤቴ፣ የሞረትና ጅሩ፣ የይፋት፣ የምንጃር ሰው መንዜ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ፣ የራሱ እህልና የራሱ አነጋገር አለው። ጅሩ በስንዴና በሰንጋ በሬው፣ ምንጃር በጤፉ ይታወቃል። መንዝ በእነዚህ አይታወቅም።

ምን ያህል ይበርዳል? መቼ ቢመጣ ይሻላል?

አብዛኛው የመንዝ አምባ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ፀሐያማና ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጠዋት በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ጨው የመሰለ ነገር ጤዛ ሳይሆን በረዶ የሆነ ውኃ ነው። ለእንግዳ ምቹው ወቅት ይኸው ነው፤ መንገዱ ይደርቃል፣ አየሩም ይጠራል። ክረምቱ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጉም፣ ጭቃና በረዶ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የበልግ ዝናብ ስለሚኖር አንዳንድ ቀን ይዘንባል፣ አንዳንድ ሳምንት ምንም የለም።

ከቆላ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ ይሂድ። ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ከከፍታው የሚመጣ ነው፤ ውኃ መጠጣትና ማረፍ ይበቃዋል። ብርድ ልብስ ይኖራል ብሎ ባዶ እጁን የሚመጣ እንግዳ ግን ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋል።

እንዴት ይደረሳል?

ከአዲስ አበባ የሰሜን ሸዋ አውቶቡሶች የሚነሡት ከላምበረት መናኸሪያ ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በደሴ መንገድ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ከጣሊያን ዘመን የቀረው ዋሻ ያለበት፣ ደጋውና ቆላው የሚለያዩበት በር ነው። ዋሻውን አልፎ የሚወርደው ወደ ደብረ ሲና ነው፤ የመንዝ መንገድ ግን ወደ ሰሜን ታጥፎ በአምባው ላይ በመዘዞ በኩል ይቀጥላል። ጓሳ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መሐል ሜዳ ደግሞ ከጓሳ 17 ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ብሎ ነው።

ሁለት ነገር ሰውን ያሳስተዋል። አንደኛው፣ ከሰዓት በኋላ ከደብረ ብርሃን መነሣት፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌሩ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያይም። ገና ሳይነጋ መነሣት ይሻላል። ሁለተኛው፣ ነዳጅ «መንገድ ላይ እቀዳለሁ» ማለት፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሞልቶ መውጣት ነው። የጸጥታውን ሁኔታ ደግሞ ከመነሣት አንድ ቀን በፊት እዚያው ካለ ሰው በስልክ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት ዞኑ ብዙ ያየ አገር ነው፤ መንገድ በአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል።

ከተሞቹ ምን ይመስላሉ?

መሐል ሜዳ ትልቁ ነው፤ ሆስፒታሉም ባንኩም ገበያውም እዚያ ነው። ሞላሌ ከደቡብ ለሚመጣ መንገደኛ የሚቀድም ከተማ ነው። ወገሬና ዘመሮ አነስ ያሉ የወረዳ ከተሞች ናቸው። ደብረ ብርሃን መንዝ ውስጥ አይደለም፤ ነገር ግን የመንዝ ሰው ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለሥራ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ከተማውን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ስሙም በሰማይ ከታየ ብርሃን የመጣ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ፣ የቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ አለው።

መንዝን ማወቅ የፈለገ ሰው ግን የሥራ ቀን ሳይሆን የገበያ ቀን ይድረስ። የገበያው ቀን ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ ከመሄድ በፊት መጠየቅ ነው። በገበያ ቀን ከንጋት ጀምሮ መንገዱ በበግ ይሞላል፤ ገብሱ፣ ባቄላው፣ ኩበቱ፣ የተፈተለው ጠጉር ሁሉ ለየራሱ ተራ አለው።

የሸዋ ነገሥታት ከመንዝ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከመንዝ አጋንቻ የተነሣው ነጋሢ ክርስቶስ የሸዋን የገዢ ቤት መሠረተ። ከግራኝ ጦርነትና ከዚያ በኋላ ከመጣው ትልቅ የሕዝብ እንቅስቃሴ በኋላ፣ ገደሉና ብርዱ መንዝን መሸሸጊያ አድርገውት ነበር። ነጋሢ ከዚያ መሸሸጊያ ወጥቶ መሬት ማስመለስ ጀመረ። ልጁ ስብስትያኖስ ተከተለ፤ ከዚያ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት እያለ እስከ ምኒልክ ደረሰ። በየትውልዱ መናገሻው ከመንዝ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየወረደ አንኮበር ላይ ደረሰ፤ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት አንጎለላ ነው። በአጭሩ፣ ቤቱ ከመንዝ ተነሣ፤ ሥልጣኑ ሲሰፋ ግን መንዝን ትቶ ወደ ለሙ አገር ወረደ። ለዚህ ነው መንዝ ውስጥ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ፈልጎ የሚመጣ ጎብኚ የሚያዝነው። የሚቀረው አምባው፣ ደብሩና የዘር ቆጠራው ነው።

የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫቸውን ሰላ ድንጋይ አድርገው አገር ያስተዳድሩ ነበር። ሰላ ድንጋይ ከሞፈር ወንዝ ወዲህ በሞጃና ወደራ ወረዳ ነው። ወደ መንዝ ሲሄዱ ጊዜ ያለው ሰው ሊያየው ይገባል።

በጣሊያን ጊዜ ምን ሆነ?

መንዝ፣ መርሐቤቴና ቡልጋ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የሸዋ አርበኞች መዋጊያ ነበሩ። የአርበኞቹ መሪ ራስ አበበ አረጋይ በእነዚህ ገደሎች ውስጥ እየተዘዋወሩ አምስቱን ዓመት ተዋግተዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባለው ቦታ፣ አሜጸኛ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ ጨርሷል። ከመርዙ ያመለጡት ወጥተው እጃቸውን ሲሰጡ ወንዶቹ ተረሸኑ። በዋሻው ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቦታውን የሚጎበኝ ሰው ይህ መቃብር መሆኑን አይርሳ፤ ከመሬት ምንም አያንሣ።

አያቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ዘመዶቼን ለማግኘት ምን ይዤ ልምጣ?

የአያትን ስም ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም፤ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ሦስት «ወልደ ማርያም» ሊኖሩ ይችላሉ። ጠቃሚነታቸው በቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ደብሩ፤ መንዝ ውስጥ ሰው «የት ነህ?» ሲባል የሚመልሰው መንደሩን ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኑን ነው። የሚቀብረውም የሚዘክረውም እዚያ ነውና። ቀጥሎ የአያት አባትና የአያት እናት ስም። ከዚያ የአቅኚ አባት ስም።

አቅኚ አባት ማለት መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ሰው ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ርስት የሚገኘው ከእርሱ በመወለድ ነበር፤ በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይቆጠራል። ስለዚህ ርስት መጠየቅ የሚፈልግ ሁሉ ዘሩን ሰባት ስምንት ትውልድ ወደ ላይ መቁጠር ነበረበት፤ ካልቆጠረ ተከራካሪው ያሸንፈዋል። ሽማግሌዎች ዛሬም ዘር የሚያውቁት በዚህ ምክንያት ነው። ስትጠይቁ «አቅኚ አባታችን ማን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ያኔ የተረሳው ሁሉ ይነሣል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ስትነጋገሩ «አባቴ»፣ «እማማ» እያላችሁ፣ በ«እርስዎ» ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ሳታስፈቅዱ መቅዳት እንዳትጀምሩ፤ የዘር ወሬ የርስት ክርክርን ስለሚያስታውስ አንዳንዱ ሽማግሌ ቀረጻ ሲያይ ይዘጋል።

ታዲያ የአያቴን ርስት ማስመለስ ወይም መሬት መግዛት እችላለሁ?

አይቻልም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ርስት የሚባል ነገር ያኔ ቀርቷል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ይህም በይዞታ ደብተሩ ላይ ተመዝግቧል። ይህን መብት ለተወሰነ ጊዜ ማከራየትና ለቤተሰብ ማውረስ ይቻላል። ኪራይ ከሆነ ውሉን በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ በሽማግሌ ፊት ብቻ የተፈረመ ወረቀት ክርክር ሲመጣ አያድንም። በከተማ ውስጥ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በከተማው አስተዳደር በሊዝ ይጠይቃል። «የገጠር መሬት እሸጥልሃለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ የሰጠ ገንዘቡን አጥቷል።

ምን ይዘራል?

ገብስ። ከዚያ ባቄላ፣ ምስር፣ አተር፣ ስንዴ፣ ተልባ። በወንጪትና በአዳባይ ገደል ወርዳችሁ ቆላ ስትደርሱ ማሽላና ጤፍ ይጀምራል፤ አምባው ላይ ግን ገብስ ንጉሥ ነው። እንጀራው፣ ቂጣው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ጠላው ከእርሱ ነው።

ሁለት ወቅት አለ። የበልጉ ገብስ ጥርና የካቲት ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ይሰበሰባል። የመኸሩ ሰኔ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል። የሚዘራው በብትን ነው፤ ለአንድ ጥማድ፣ ይህም የሄክታር ሩብ ያህል ለሆነ መሬት፣ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር ይሄዳል። በልግ ትልቅ ተስፋና ትልቅ አደጋ ነው። ዝናቡ የካቲት ጀምሮ መጋቢት ላይ ከቆመ ዘሩም ይጠፋል፣ ለመኸር የሚቀመጥ ዘርም አይኖርም። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ገበሬ ያለውን ዘር ሁሉ በበልግ የማያፈሰው።

መኸሩን የሚያጠፋው ደግሞ ውርጭ ነው። በጥቅምት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ከቆመ በዚያ ሌሊት ሜዳው ላይ ውርጭ ይወርዳል። ብርድ ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅታው ይፈስሳል፤ ባቄላው ሸለቆው ውስጥ ጥቁር ሆኖ ሲያድር ከላይ ተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል። ስለዚህ ባቄላን ከሜዳው ይልቅ ተዳፋቱ ላይ፣ ገብሱን ወደ ታች ማድረግ ይመከራል።

ባቄላ ሌላም ጠላት አለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣ፣ ገበሬው «ቆርምድ» የሚለው የሻጋታ በሽታ ነው። ቅጠሉና ግንዱ ላይ አረንጓዴ እብጠት ያወጣል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ተክሉ ይቀነጭራል። ከአፈርና ከገለባ ጋር ስለሚቆይ በበሽታው በተያዘ ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ መድገም ራስን መጉዳት ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ገብስ ወይም ስንዴ ይዘራበት፤ የታመመውን ገለባ ለከብት ሰጥቶ ፍጉን ወደዚያው ማሳ አለመመለስ። ባይሌቶን የሚባለው መድኃኒት የሚረዳው ምልክቱ እንደታየ ሲረጭ ነው፤ እብጠቱ ማሳውን ከሸፈነ በኋላ የሚረጭ ሰው ለመድኃኒቱ ያወጣውን ብር አባክኗል።

«ጓይ» ምንድን ነው? ጥሩ ነው?

በሰሜን ሸዋ ደጋ ውኃ የሚተኛበትን፣ ብዙ ዓመት ጾሙን ያደረ መሬት ለገብስ የማዘጋጃ ጥንታዊ ዘዴ ነው። መሬቱ በበጋ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ሣር የያዘው ጓል ሲደርቅ በየቦታው እንደ ጉልላት ይከመራል፤ በመካከሉ ኩበትና ገለባ ተደርጎ እሳት ይለኮሳል። ነበልባል የለውም፤ ቀናት ሙሉ ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል። ሲበርድ ቀይ ጡብ የመሰለው አፈር ማሳው ላይ ይበተንና ገብስ ይዘራበታል።

የመጀመሪያው ዓመት ምርት የሚያስደስት ነው፤ እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ተይዞ የነበረውን ፎስፈረስ ይለቅቃል፣ አረሙንም ይገድላል፣ ጭቃውንም ያፍረከርከዋል። ዋጋው ግን ውድ ነው። ለአፈሩ ሕይወት የሆነው ብስባሽ አብሮ ይቃጠላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ምርቱ ይወርድና መሬቱ እንደገና 10 እና 15 ዓመት ማረፍ አለበት። ድሮ መሬት ሰፊ ሆኖ ሳለ ይህ ያስኬድ ነበር። ዛሬ አንድ ቤተሰብ ጥቂት ጥማድ ይዞ ጓይ ማድረግ የልጁን አፈር ማቃጠል ነው፤ ውኃውን በቦይ ማስወጣት፣ ፍግና ኮምፖስት መጨመር፣ ገብሱን ከባቄላ ጋር ማፈራረቅ ይሻላል።

የመንዝ በግ ከሌላው በምን ይለያል? ስገዛ ምን ልይ?

ትንሽ ነው፤ ጠጉረ ሸካራ፣ ላቱ አጭርና ወፍራም፣ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭና ዝንጉርጉር ይገኛል። ትልቅ በግ የለመደ ሰው ሲያየው ይንቀዋል። ነገር ግን ብርዱን፣ የመኖ እጥረቱንና የሆድ ትሉን የሚችል በግ ነው፤ ከውጭ የመጣው አዋሲ ትልቅ ቢሆንም ያለ መኖ እዚህ አገር አይዘልቅም። አመድ ጉያ ላይ የበግ ማራቢያ ማዕከል አለ፤ እዚያ የሚወጡት ድቅል አውራዎች የሚጠቅሙት ድርቆሽና ተጨማሪ መኖ ማቅረብ ለሚችል ሰው ነው። ለሌላው ሰው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በመንደር ደረጃ የተያዘው መንገድ ይሻላል፦ የመንደሩ ሰዎች በአንድ ላይ ጥሩ የሚያድጉትን ጠቦቶች መዝነው መርጠው አውራ ያደርጋሉ፣ በጋራ ይጠቀማሉ፤ የቀረው ጠቦት ሴቷን ከማጥቃቱ (ከማስረገዙ) በፊት ይሸጣል ወይም ይቀጠቀጣል። ይህ ሥራ የሚበላሸው አንድ ቤት በልጦ ያደገውን ጠቦት ለበዓል ገበያ ሲሸጠው ነው፤ ምርጡ ከሄደ የቀረው ነው የሚያጠቃው።

ሲገዙ ጥርሱን ይዩ። የወተት ጥርሱን ያልጣለ ጠቦት ዓመት አልሞላውም፤ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያበቀለ ከዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። ከዚያ የዓይኑን ውስጥ ገልብጠው ይዩ፤ ቀይ መሆን ሲገባው የነጣ ከሆነ ትል አለበት። መንጋጋው ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለ የጉበት ትል ሊሆን ይችላል፤ ረግረግ ሜዳ ላይ የሚግጥ በግ ከቀንድ አውጣው ያገኘዋል። የኋላውን ይዩ፤ ተቅማጥ ከቆሸሸው ይለፉት። ጀርባውን በእጅ ይዳስሱ፤ ጠጉሩ ያታልላል፣ አጥንቱ አይዋሽም።

ለማደለብ 90 ቀን ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን የትል መድኃኒት ይሰጠው። ድርቆሽ እስኪጠግብ፣ በተጨማሪ ፉርሽካና ፋጉሎ ተደባልቆ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም። በጣም የሚበዛው ጥፋት ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ማቅረብ ነው፤ በተለይ ገብስ እንደልቡ የበላ በግ ሆዱ ተነፍቶ በአንድ ሌሊት ይሞታል። በአንድ እፍኝ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ መድረስ ነው። ለፋሲካ የሚሸጥ ከታኅሣሥ መጨረሻ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጥ ከሰኔ መጀመሪያ ይጀምር።

ባና፣ ዝተትና በርኖስ ምን ምን ናቸው?

ሦስቱም ከበግ ጠጉር ናቸው። ባናና ዝተት የሚለበሱም የሚነጠፉም ወፍራም ሥራዎች ሲሆኑ፣ በርኖስ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለ ካባ ነው፤ ዝናብ ቶሎ አያስገባም። ከአንድ በግ በአንድ ሽልት አንድ ኪሎ ጠጉር እንኳ አይገኝም፤ ስለዚህ አንድ ባና የብዙ በግ ሥራ ነው። ጠጉሩ ይታጠባል፣ ይፍታታል፣ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሽመናው የወንድ ሥራ ነው። መንገድ እየሄደች፣ ገበያ ተቀምጣ የምትፈትል ሴት ማየት የተለመደ ነው። በገንዘብ ሲታሰብ ድካሟን የሚመልስ ዋጋ አይከፈላትም። ለዚህ ስትገዙ ዋጋ በጣም አትጎትቱ።

ጥሩውን ለመለየት ወደ ብርሃን ያንሡት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሳሳ ብሎ የተሸመነ ነው። በጠባቡ ተሸምኖ በስፌት የሚገጣጠም ስለሆነ ስፌቱን ሳብ አድርገው ይሞክሩት። የበጉ ተፈጥሯዊ ቀለም፣ ጥቁሩና ቡናማው፣ አይለቅም፤ በፋብሪካ ቀለም የተነከረው ሊለቅ ስለሚችል ጫፉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ያሹት። በሙቅ ውኃ አይታጠብም፤ ይኮማተራል። ክረምት ሳይገባ በደንብ ፀሐይ ላይ ካላሰጡት ብል ይበላዋል።

ጓሳ የማን ነው? እስካሁን እንዴት ቆየ?

የሕዝቡ ነው። ጓሳ ሲባል መጀመሪያ ሣሩ ነው፤ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ በቁጥቋጦ በቁጥቋጦ የሚበቅል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ቦታ በሣሩ ስም ተጠራ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአስቦና በጌራ አቅኚ አባቶች ዘሮች እጅ በ«ቅሮ» ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። የተመረጠ አለቃ ነበረው፤ ቦታው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ባለ መብቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጭዳል፤ ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ጥበቡ ይህ ነው፤ ማንም ከማንም ቀድሞ አይገባም፣ ስለዚህ ማንም ለመቅደም ሲል ያልደረሰ ሣር አያጭድም።

በ1967ቱ አዋጅ ርስት ሲቀር ቅሮውም አብሮ ቀረ። ድሮ መብት ያልነበራቸው ሰዎች መብት አገኙ፤ ይህ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን የሚዘጋው እጅ ስለጠፋ ሣሩ ተጨረሰ፣ ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ለማገዶ ተነቀለ፣ አንዳንዱም ቦታ ታረሰ። በኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች ኮሚቴ መርጠው፣ የራሳቸውን ደንብ አውጥተው ሥርዓቱን በአዲስ መልክ መለሱት። ዛሬ በክልሉ ደንብ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። የሚጠብቁት የራሱ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ውኃውም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከጓሳ የሚነሡት ምንጮች በምዕራብ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ።

ቀይ ቀበሮ አያለሁ? ጉብኝቱስ እንዴት ነው?

ማለዳ ከወጡና ከታገሡ ዕድሉ ጥሩ ነው። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፤ ጓሳ ያሉት ጥቂት አሥሮች ናቸው። የሚበሉት አይጥ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በሚግጡበት መሐል ቀስ ብሎ የሚሄድ ቀበሮ ካያችሁ ቁሙና ተመልከቱ። በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ይሳካለታል፤ በጭላዳዎቹ መሐል ሲሆን 67 ይሆናል። ቀበሮው ግልገል ጭላዳ አይነካም፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም።

መጀመሪያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ ትመዘገባላችሁ፣ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ አስጎብኚ ይሰጣችኋል። በማኅበረሰቡ ማረፊያ ማደር ወይም ድንኳን መትከል ይቻላል፤ ምግብ ይዛችሁ ኑ። ማገዶ ከቦታው አይለቀምም። ውሻ ይዞ መምጣት ፈጽሞ አይቻልም፤ ቀበሮዎቹን ከጥይት ይልቅ የሚጨርሳቸው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በአካባቢው ያለ ዘመድ ያለው ሰው የቤቱን ውሻ ማስከተቡን ይጠይቅ፤ የክትባቱን ቀን ቀበሌው ያሳውቃል።